የመተንፈሻ ሕክምና ትምህርት በአሜሪካ፦ የሁለት ዓመቱ፣ የአራት ዓመቱ ወይስ ነርሲንግ?

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ገብቶ ለተመለከተ ሰው፣ ከሐኪሙና ከነርሷ ሌላ፣ ከአልጋው ራስጌ ባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ፊት ቆሞ ቁጥሮችን እያነበበ የአየሩን መጠን የሚያስተካክል ሦስተኛ ባለሙያ ይታያል። ይህ ባለሙያ ሪስፓይራቶሪ ቴራፒስት፣ በሆስፒታል ቋንቋ በአጭሩ አርቲ ይባላል። በአገራችን ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ስላልተለመደና አኔስቴቲስቶች (ሰመመን ሰጪ ባለሙያዎች) እና ነርሶች ደርበው ስለሚሠሩት፣ ወደ አሜሪካ የመጣ ኢትዮጵያዊ ስለ ሙያው የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ያውም ነርሲንግ ለመግባት ሞክሮ ተራው ሲርቅበት።

ሙያውን ለመማር የወሰነ ሰው ደግሞ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የአራት ዓመት ባችለር ዲግሪና የግል የሙያ ኮሌጆች በአጭር ጊዜ እናስመርቃለን እያሉ የሚያስተዋውቁት ትምህርት፣ ዕውቅና ያላቸው እስከሆኑ ድረስ፣ ሁሉም ወደ አንድ ዓይነት ፈተናና ወደ አንድ ዓይነት የሥራ መደብ ያደርሳሉ። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያራምድም። ዕድሜን፣ ገቢን፣ የቤተሰብ ኃላፊነትንና ከአገር ቤት የመጣውን የትምህርት ማስረጃ አንድ ላይ አስቀምጦ «ለእኔ የሚስማማው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አስተያየቴን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ እየሠራ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ባችለሩን በኢንተርኔት ማጠናቀቅ ከሌሎቹ የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ለጨረሰና በወላጆቹ ቤት ለሚኖር ወጣት ግን ይህን ምክር አልሰጥም።

ከሥራው ጠባይ መነሣት

ትምህርት ቤት ከማወዳደር በፊት ሥራውን ማወቅ ይቀድማል። አርቲው ከደም ወሳጅ ቧንቧ ደም ቀድቶ የኦክስጅኑንና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን ያስለካል፤ አስም ለተነሣበት ሰው በጭስ መልክ የሚሳብ መድኃኒት ይሰጣል፤ መተንፈስ ላቃተው በጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ይገጥማል። ሐኪሙ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ቱቦ ሲያስገባ አጠገቡ ሆኖ ያግዛል፣ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ መሣሪያውን) ያስነሣል፣ ከቀናት በኋላም በሽተኛው በራሱ መተንፈስ መቻሉን ፈትሾ ቱቦውን ያወጣል። የልብ ትርታ ሲቆም ከሚጠሩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍል፣ የሳንባ አቅም መለኪያ ላቦራቶሪና የእንቅልፍ ምርመራ ክፍልም የሥራ ቦታዎቹ ናቸው፤ ሆኖም ከአምስት ባለሙያዎች አራቱ ያህል የሚሠሩት በሆስፒታል ውስጥ ነው።

ደም አይተው ቅንጣት የማይደነግጡ ሰዎች አክታ በቱቦ ሲሳብ ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። ይህን እንደ ቀልድ ማንሣቴ አይደለም፤ ከዚህ ሥራ አብዛኛው ከአክታ ጋር የሚውል በመሆኑ፣ ከመመዝገብ በፊት በሆስፒታሉ ፈቃድ አንድ ባለሙያን ለግማሽ ቀን ተከትሎ መዋል ብዙ ሺህ ዶላር ከማውጣት ያድናል። የሥራው ሰዓት ብዙውን ጊዜ 12 ሰዓት በሚረዝም ፈረቃ በሳምንት 3 ቀን ነው፤ አዲስ ገቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ተራ ይጀምራል። ጃንዋሪ 7 የሚውለው የእኛ ገና ለሆስፒታሉ እንደማንኛውም የሥራ ቀን መሆኑንም ከወዲሁ ማወቅ ደግ ነው።

ሁሉም መንገዶች የሚያልፉበት በር

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ሊታለፍ የማይችል አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ትምህርቱ ኮአርክ በሚባለው የመተንፈሻ ሕክምና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ኮሚሽን የታወቀ መሆን አለበት። ኮሌጁ በአጠቃላይ ዕውቅና ያለው መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ይህ የትምህርት ክፍል ለብቻው የታወቀ መሆኑ ይታያል። ኤንቢአርሲ የሚባለው አገር አቀፍ የሙያ ቦርድ ለፈተና የሚያስቀምጠው ከታወቀ የትምህርት ክፍል ቢያንስ በአሶሼት ዲግሪ የተመረቀን ሰው ነው፤ ከአላስካ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች ለመሥራት የሚያስፈልገው የሙያ ፈቃድም የሚገኘው ይህን ፈተና በማለፍ ነው።

ፈተናው በሁለት ደረጃ የተዋቀረ ነው። ቲኤምሲ የሚባለው የመጀመሪያው ክፍል 160 የምርጫ ጥያቄዎች በ3 ሰዓት የሚሠሩበት ሲሆን፣ ሁለት የማለፊያ ነጥቦች አሉት። ዝቅተኛውን ያገኘ ሰው ሲአርቲ የሚባለውን የመግቢያ ማዕረግ ያገኛል፤ ከፍተኛውን ያገኘ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። ሁለተኛው ክፍል 22 የበሽተኛ ታሪኮች የሚቀርቡበት የ4 ሰዓት ፈተና ነው፤ ተፈታኙ ምን መጠየቅና መመርመር እንዳለበት ራሱ ይመርጣል፣ የማያስፈልግ ወይም አደገኛ ነገር ሲመርጥ ነጥብ ይቀነስበታል፣ የወሰነውንም ተመልሶ ማረም አይችልም። ይህን ያለፈ ሰው አርአርቲ የሚባለውን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኛል። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ አዲስ ፈቃድ የምትሰጠው ለአርአርቲ ብቻ ሲሆን፣ በሌሎች ግዛቶችም ቢሆን ትልልቅ ሆስፒታሎች ሲቀጥሩ የሚፈልጉት ይህኛውን ማዕረግ ነው። ከተመረቁ በኋላ ማዕረጉን ለማግኘት ያለው ጊዜም 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀድሞ ያለፉትን ፈተና እንደገና መውሰድ ይጠይቃል።

እንግሊዝኛን በትልቅነቱ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይገባዋል። 160 ጥያቄ በ3 ሰዓት ማለት ለአንድ ጥያቄ ከ70 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ የበሽተኛውን ሁኔታ፣ የደም ጋዝ ውጤትና የመሣሪያ ቁጥሮችን አጭቆ የያዘ አንቀጽ ነው። ጎበዝ ሆኖ ሳለ በንባብ ፍጥነት ምክንያት የሚወድቅ ሰው አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ በሰዓት የተገደበ የልምምድ ፈተና የሚሰጥ ትምህርት ቤት፣ ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ፣ ሕንፃው ካማረለት ትምህርት ቤት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር የሚያገለግለው ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ጥቂት አመልካች ብቻ ነው የሚያየው። ኮአርክ የእያንዳንዱን የትምህርት ክፍል ውጤት በየዓመቱ በይፋ ያወጣል። ከተመረቁት ስንቶቹ በቲኤምሲ ከፍተኛውን ነጥብ እንዳገኙ፣ ከገቡት ስንቶቹ ሳያቋርጡ እንደጨረሱ፣ ስንቶቹ ሥራ እንደያዙና ስንቶቹ አርአርቲ እንደሆኑ እዚያ ላይ ተጽፏል። ኮሚሽኑ በሦስት ዓመት አማካይ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ልክ ለከፍተኛው ነጥብ 60 በመቶ፣ ለትምህርቱ ማጠናቀቅ ደግሞ 70 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር 62 በመቶ ያሳለፈ ትምህርት ቤትና 95 በመቶ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ሁለቱም በእኩል «ዕውቅና አለን» ብለው ይጽፋሉ።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን ተለያይተው መነበብ የለባቸውም። አንድ ትምህርት ቤት ደካማ የመሰሉትን ተማሪዎች በመንገድ ላይ እያስወጣ ጥቂት ጎበዞችን ብቻ ለፈተና ካቀረበ፣ የማለፊያ ቁጥሩ ያምራል፤ የማጠናቀቂያ ቁጥሩ ግን ጉዱን ያወጣል። በተቃራኒው ሁሉንም ተሸክሞ እስከ ምረቃ የሚያደርስና ፈተና ላይ ሲደርሱ የሚጥላቸው ትምህርት ቤትም አለ። እኔ ብመርጥ ሁለቱም ቁጥሮች ከ85 በላይ የሆኑበትን፣ ስሙ ያልገነነ ቢሆንም፣ አስቀድማለሁ።

ሁለት ዓመት የተባለው ስንት ዓመት ነው?

የኮሚኒቲ ኮሌጁ ትምህርት «ሁለት ዓመት» ቢባልም፣ ቆጠራው የሚጀምረው የሙያ ክፍሉ ተማሪውን ከተቀበለበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የመሳሰሉ ኮርሶች መጠናቀቅ አለባቸው፤ እንደየኮሌጁ ዝርዝሩ ይለያያል። እየሠራ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ መውሰድ ለሚችል ሰው ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በሐቅ ሲሰላ አሶሼቱ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ከአራት ዓመቱ ባችለር ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የአንድ ዓመት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ፣ በኋላ «ለምን ያኔውኑ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም?» ከሚል ጸጸት ያድናል።

ሙያው ወዴት እያመራ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ኮአርክ ከ2018 ጀምሮ አዲስ የሚከፈት የአሶሼት ትምህርት ክፍል እንዳይቀበል ወስኖ ነበር፤ ቀድሞ የነበሩት ግን በዕውቅናቸው ቀጥለዋል። የባለሙያዎቹ አገር አቀፍ ማኅበርም ባችለር የሙያው መግቢያ ዲግሪ እንዲሆን ሲገፋፋ ቆይቷል። ይህን ሰምተው «አሶሼት ሊቀር ነው» ብለው የሚሸሹ ሰዎች አሉ። ለፈተና መቀመጫው ዝቅተኛ መስፈርት አሁንም አሶሼት በመሆኑ፣ ዛሬ ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ሰው በዲግሪው ምክንያት ነገ ፈቃዱ ይነጠቅበታል ብዬ አላስብም፤ ለኃላፊነት፣ ለማስተማርና ለልዩ ክፍሎች በሚደረገው ውድድር ላይ ግን ባችለር ያለው እየቀደመው እንደሚሄድ እርግጠኛ ነኝ።

በአልጋ አጠገብ ሥራ ላይ በአሶሼትና በባችለር መካከል ያለው የደሞዝ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በ2023 የሙያውን መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 77,960 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል። አዲስ ተመራቂ ከዚህ በታች ቢጀምርም፣ በኮሚኒቲ ኮሌጅ አንድ ዓመት ቀድሞ የጨረሰ ሰው ያንን የአንድ ዓመት ገቢ በኪሱ አድርጎ ይጀምራል፤ ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያ ጋር ሲደመር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይረዳሉ፤ ይህ ዓይነቱ እርዳታ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከፌዴራል ግብር ነፃ ነው። እንደ ቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲና በሻርሎት እንደሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ፈቃድ ላላቸው አርቲዎች ባችለሩን በኢንተርኔት ያስጨርሳሉ። በሳምንት 3 ቀን ሠርቶ በቀሩት ቀናት የሚማር ሰው፣ በአሠሪው ገንዘብ፣ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ቀደም ብዬ የሰጠሁት ምክር መሠረቱ ይህ ነው።

ለወጣቱ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። የ18 ዓመት ልጅ ቤት ኪራይ የለበትም፣ የሚያሳድጋቸው ልጆችም የሉትም፤ ለባችለር የሚጨምረው ዓመት ከሌላው ሰው ይልቅ ለእርሱ ርካሽ ነው። ባችለሩ ወደፊት የሚከፍትለት በርም ሰፊ ነው። የሐኪም ረዳት፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የደም ዝውውር መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ፐርፊውዥኒስት፣ ወይም የአኔስቴዥያ ረዳት ለመሆን የሚያበቁት ትምህርቶች የሚቀበሉት ባችለር ያለውን ሰው ነው፤ የመጨረሻውን ትምህርት ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በዋሽንግተን ዲሲም ይሰጣል። አርቲ ሆኖ የመተንፈሻ ቧንቧንና ቬንቲሌተርን ጠንቅቆ ያወቀ ወጣት ለእነዚህ ሲያመለክት የሚያቀርበው ልምድ የሚናቅ አይደለም። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሁለት ልጆች ይዞ ለሚጀምር ሰው ግን ይህ ሁሉ በር ክፍት ነው ብሎ መንገር ደግነት አይመስለኝም።

በቦታ ደረጃ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ካምፓሱ አሶሼቱን ይሰጣል። በሜሪላንድ የሳልዝበሪ ዩኒቨርሲቲ ባችለር አለው፤ ይሁንና ከዋሽንግተን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆነ እዚያው መኖርን ይጠይቃል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አትላንታ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በሲያትል ደግሞ ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ ባችለሩን ይሰጣሉ፤ የሲያትሉ በተለይ የሚገርመው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ሆኖ ባችለር መስጠቱ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው በሁለቱ መካከል መምረጥ እንኳ አያስፈልገው ይሆናል።

ከአገር ቤት የመጣ ዲግሪ ገንዘቡን ሲለውጠው

ስለ ክፍያ ሲነሣ ወገኖቻችን የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል የነፃ ትምህርት ድጎማ ግሪን ካርድ ያለውን ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተማሪ ያካትታል፤ በ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ በአብዛኞቹ የኮሚኒቲ ኮሌጆች የነዋሪ ተማሪ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ከዚህ ያንሳል። ነገር ግን ድጎማው የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዘ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ ሰው፣ ዲግሪው ከአሜሪካው ባችለር ጋር እኩል ነው ብሎ ኮሌጁ ከገመገመ፣ ፔል ግራንት አያገኝም፤ የሚቀረው ብድር፣ የግዛት እርዳታና የራሱ ኪስ ነው። ቅጹ ላይ ዲግሪውን መደበቅ ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በመሆኑ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ያው ዲግሪ በሌላ በኩል ይጠቅማል። የተተረጎመና በገምጋሚ ድርጅት የተመዘነ የትምህርት ማስረጃ ሲቀርብ የሒሳብ፣ የማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት ኮርሶች ሊያዙለት ይችላሉ፤ የአናቶሚና የማይክሮባዮሎጂ ኮርሶችን ግን ብዙ ኮሌጆች በቅርብ ዓመታት የተወሰዱ ካልሆኑ እንደገና ያስወስዳሉ። ስለዚህ የቀድሞ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ባችለር ውስጥ ገብቶ ከመንከራተት በቀጥታ አሶሼቱን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ባችለር የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ሲያጋጥመውም የተመዘነውን የአገር ቤት ዲግሪ አቅርቦ ሊሟገት ይችላል።

የነዋሪነት ጉዳይም አለ። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለመፍቀድ በመርሕ ደረጃ የአንድ ዓመት ነዋሪነት ትጠይቃለች። ከግዛት ወደ ግዛት ለመዛወር ያሰበ ሰው የመዛወሪያውን ጊዜ ከዚህ ጋር ቢያስተካክል ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

የግል የሙያ ኮሌጆች

ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም። ወረፋ የላቸውም፣ ምዝገባቸው ፈጣን ነው፣ በስልክ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሏቸው። ክፍያቸው ብዙውን ጊዜ የኮሚኒቲ ኮሌጁ ብዙ እጥፍ ነው፤ የሚሰጡት ክሬዲትም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሳይሸጋገር ሊቀር ይችላል፤ ይህ ደግሞ በኋላ ባችለር ለማጠናቀቅ ያሰበውን ሰው ከዜሮ ያስጀምረዋል። ዕውቅናቸው የተረጋገጠና የፈተና ውጤታቸው ያማረ መኖራቸውን አልክድም። በአካባቢው ያለው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተራ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነና ክሬዲቱን እንደሚቀበል ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ማረጋገጫ ከተገኘ ሊታሰብበት ይችላል። በቃል የተሰጠ ማረጋገጫ ግን ማረጋገጫ አይባልም።

ነርሲንግስ?

ጥያቄው የማይቀር ስለሆነ በግልጽ ልመልሰው። በ2023 የተመዘገበው የነርሶች መካከለኛ ደሞዝ 86,070 ዶላር ስለነበር ነርሲንግ በገንዘብ ይቀድማል። በሥራ ቦታ ስፋትም ይቀድማል፤ ነርስ በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤና በኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፣ አርቲው ግን በአብዛኛው በሆስፒታል ተወስኖ ይቀራል። በእድገት መሰላልም እንዲሁ ነው፤ ነርስ ተምሮ በራሱ መድኃኒት እስከሚያዝበት ደረጃ ይደርሳል፤ ለአርቲዎች የሚሆን ተመሳሳይ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኦሃዮ ስቴት ባሉ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ቢጀመርም፣ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን ገና ጥርስ አላወጣም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ አንድ ነርስ በአንድ ፈቃድ በሁለቱም መሥራት ይችላል፤ አርቲው ግን በዋሽንግተን አካባቢ በሦስቱም ክልሎች (በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ) ለመሥራት ቢፈልግ ለየብቻ ማመልከትና መክፈል ሲኖርበት ቆይቷል።

ታዲያ አርቲ የሚመረጠው ለምንድን ነው? መልሱ ከገንዘብ ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም። ነርስ በአንድ ፈረቃ የጥቂት በሽተኞችን ሁለንተና ይሸከማል፤ መድኃኒቱን፣ ንጽሕናውን፣ ምግቡን፣ የቤተሰቡን ጥያቄ። አርቲው ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ በአንድ የሰውነት ሥርዓት ላይ ጠልቆ ይሠራል። ፊዚክስ የሚወድ፣ ከመሣሪያ ጋር መጨነቅ የማይሰለቸው፣ አንድን ነገር እስከ ሥሩ ማወቅ የሚያረካው ሰው እዚህ ይደሰታል። ብዙ ቦታ የአመልካቹ ብዛት ከነርሲንጉ ያነሰ መሆኑም እውነት ነው፤ ይህ ብቻውን ምክንያት ሆኖ የገባ ሰው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አሁንም ነርስ ለመሆን ሲያመለክት ይገኛል።

ከአገር ቤት በነርስነት ተመርቆ ለመጣ ሰው ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የነርስ ማስረጃን የሚገመግም ሥርዓት አለ፤ ማስረጃውን አስመዝኖ፣ እንደየግዛቱ የእንግሊዝኛ ፈተና ወስዶ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና በማለፍ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። አርቲ ለመሆን ግን ከኢትዮጵያ በመጣ ማስረጃ የሚያቋርጡት አቋራጭ የለም፤ እንደገና ክፍል መግባት የግድ ነው። ስለዚህ ነርስ ሆኖ የመጣ ሰው፣ ማስረጃውን ከአገር ቤት ማስላኩ የቱንም ያህል ቢያሰለች፣ የራሱን ሙያ ቢያስመልስ ይሻለዋል።

አኔስቴቲስት ሆኖ ለመጣ ሰው ደግሞ ምክሬ ይለያል። በአሜሪካ የነርስ አኔስቴቲስት ለመሆን መጀመሪያ ነርስ መሆን፣ ከዚያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት፣ ከዚያም የዶክትሬት ትምህርት መግባት ያስፈልጋል፤ ዶክትሬቱ ከ2022 ጀምሮ ለሚገቡ ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ይህን ረጅም ጉዞ ለማይፈልግ ሰው፣ አገር ቤት በእጁ ሲሠራው ለኖረው ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው አርቲ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧ አያያዝን፣ የቬንቲሌተር አሠራርንና የደም ጋዝ ንባብን አዲስ ተማሪ በሁለት ዓመት የሚለምደውን እርሱ ይዞት ገብቷል። ክፍል ውስጥ ተመልሶ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር መቀመጡ ክብሩን ሊነካው እንደሚችል ይገባኛል፤ ይሁንና ክሊኒካል ልምምድ ሲጀመር ዞር ብለው የሚጠይቁት እርሱን ነው።

የራጅ ቴክኖሎጂም ተመሳሳይ ርዝመት ያለውና በአሶሼት የሚጀመር አማራጭ ነው፤ በአመዛኙ ከድንገተኛ ሞት ራቅ ያለ ሥራ የሚፈልግ፣ ግን መሣሪያ የሚወድ ሰው አርቲን ከመወሰኑ በፊት እርሱን አይቶ ቢያልፍ መልካም ነው።

ከማመልከት በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በትምህርቱ ክብደት ሳይሆን በክሊኒካል ቀናቱ ነው። የክፍል ትምህርቱ በከፊል በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል፤ በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ ግን በአካል፣ ብዙውን ጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ነው። በኡበር ወይም በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን ማመቻቸት ይችል ይሆናል፤ በቋሚ የቀን ሥራ ላይ ያለ ግን ከአሠሪው ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ወደ ትምህርት ቤቱ የመረጃ ስብሰባ ሲሄዱ ከሁሉ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው የሁለተኛውን ዓመት የክሊኒካል መርሐ ግብርና ሆስፒታሎቹ ከሚኖሩበት ሠፈር ያላቸውን ርቀት ነው፤ ሦስቱን ቀናት በሦስት የተለያዩ ከተሞች የሚያስሠሩ ክፍሎች አሉ።

የጤና ማስረጃው ሌላው ጉዳይ ነው። ሆስፒታሎች የቲቢ ምርመራ ሳያዩ ተማሪ አያስገቡም። አብዛኞቻችን በልጅነታችን የቢሲጂ ክትባት ስለተከተብን በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ሕመሙ ሳይኖር ሊያብጥና «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የደረት ራጅ፣ ቀጠሮና ደብዳቤ ይከተላል። በደም የሚደረገው ምርመራ በቢሲጂ ስለማይታለል፣ ከመጀመሪያው እርሱ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በተለመደው አሰጣጥ በ3 ዙር እስከ 6 ወር ስለሚፈጅ፣ የመቀበያ ደብዳቤው እስኪመጣ ሳይጠበቅ መጀመር አለበት።

አብዛኞቹ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ የሚቀበሉት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በጃንዋሪ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድን፣ በሰመሩ (በአገራችን ክረምት በሚሆነው) ክፍለ ጊዜ ሁለትን የወሰደ ሰው፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ከፈቀደለት፣ ለመስከረሙ ምድብ ሊደርስ ይችላል፤ አንዱን ኮርስ በዝቅተኛ ውጤት ከደገመ ግን የሚቀጥለው ምድብ የሚገባው ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሥራ ሰዓትን ቀንሶ ሁለት ኮርስ ብቻ በጥሩ ውጤት መጨረስ፣ አራት ኮርስ ተሸክሞ አንዱን ከመጣል ይልቅ ወደ ሆስፒታሉ በር ቶሎ ያደርሳል።